«ቀኑ ደርሶ ነው» ብለን ከመቅበራችን በፊት

አንድ ሰው ሥራ ላይ ሞተ ሲባል እኛ የምንለው የታወቀ ነው። «ምን ይደረጋል፣ ቀኑ ደርሶ ነው።» ከዚያ ስልክ ይደወላል፣ ገንዘብ ይዋጣል፣ አስከሬኑ አገር ቤት ይላካል ወይም እዚሁ ይቀበራል። ለቅሶ እንደርሳለን፣ ቤተሰቡን እናጽናናለን፣ በማግስቱ ሁላችንም ወደየሥራችን እንመለሳለን። በዚህ በኩል አንታማም፤ ሟችን ሜዳ ላይ አንጥልም። አንድ ጥያቄ ግን ሁልጊዜ ሳይነሳ ይቀራል። ሰውየው ለምን ሞተ?

ይህን ጥያቄ ያስነሳብኝ ከ120 ዓመት በፊት የሞተ አንድ አሜሪካዊ የባቡር ሠራተኛ ታሪክ ነው። ከታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሰውየው ጆን ሉተር ጆንስ ይባላል። ዓለም የሚያውቀው ግን «ኬሲ ጆንስ» በሚለው ቅጽል ስሙ ነው፤ ልጅነቱን ካሳለፈባት ኬይሲ ከምትባል የኬንታኪ ከተማ የመጣ ስም ነው። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ በቴሌግራፍ ሠራተኝነት ባቡር ቤት ገባ። ከዚያ የሎኮሞቲቭ እሳት አንዳጅ ሆነ፣ ከዚያም በ1891 በኢሊኖይ ሴንትራል ኩባንያ ውስጥ ነጂ ሆነ። በ1900 መጀመሪያ ላይ ከዕቃ ባቡር ወደ መንገደኛ ባቡር አደገ። ለአንድ የባቡር ነጂ ከዚህ በላይ ክብር አልነበረም። ክብሩን ግን ብዙም አልቀመሰውም፤ በዚያው ዓመት፣ በ37 ዓመቱ፣ ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን ትቶ ሞተ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤፕሪል 29 ኬሲ የራሱን ተራ ጨርሶ ሜምፊስ ገብቷል። ወደ ደቡብ የሚሄደውን መንገደኛ ባቡር መንዳት የነበረበት ባልደረባው ታሞ ቀረ። ኬሲ «እኔ እተካለሁ» አለ። ባቡሩ ከምሽቱ 5፡15 ላይ መነሳት ሲገባው የተነሳው ከሌሊቱ 6፡50 ነው፤ 95 ደቂቃ ዘግይቷል ማለት ነው። ሚሲሲፒ ውስጥ ካንተን ከተማ ከሌሊቱ 10፡05 መድረስ አለበት። ኬሲ ደግሞ የሚታወቀው የባከነ ሰዓት በማካካስ ነው። አብሮት ያለው እሳት አንዳጅ ሲም ዌብ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። ሁለቱ ሌሊቱን ሙሉ እንፋሎቱን እያጋሉ ሲበሩ አድረው መዘግየቱን ከሞላ ጎደል ጨርሰውት ነበር።

ካንተን ከመድረሳቸው በፊት ቮን የምትባል ትንሽ ጣቢያ አለች። እዚያ ሁለት የዕቃ ባቡሮች መንገድ ለመልቀቅ ወደ ጎን ሃዲድ ገብተዋል። ችግሩ ሁለቱ ባቡሮች አንድ ላይ ሲሆኑ ከጎን ሃዲዱ ይረዝማሉ፤ ጭራቸው ዋናው መስመር ላይ ይተርፋል። ወደፊትና ወደኋላ እየተንፏቀቁ ሊያሳልፉት ሲሞክሩ የአንዱ የአየር ፍሬን ቱቦ ፈነዳ፤ ፍሬኑ ያዘና መንቀሳቀስ አቃተው። የሌላው ባቡር የመጨረሻዎቹ አራት ፉርጎዎች ዋናው መስመር ላይ እንደቆሙ ቀሩ። ኬሲ በዚያ ጨለማ ኩርባውን ዞሮ ሲመጣ የፉርጎውን ቀይ መብራት አዩ። ሲም ዌብን «ዝለል!» አለው። ዌብ ዘለለ፣ ተጎዳ፣ ግን ተረፈ። ኬሲ አልዘለለም። ፍሬኑን ይዞ እዚያው ቀረ፤ ፍጥነቱን በግማሽ ያህል ቀነሰው ይባላል። ከሌሊቱ 9፡52 ላይ ተጋጨ። በዚያ አደጋ የሞተው እሱ ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን አሜሪካውያን በዘፈን ያውቁታል። ካንተን ውስጥ ሎኮሞቲቭ የሚያጸዳ ዋላስ ሳንደርስ የሚባል ጥቁር ሠራተኛ ለወዳጁ ለኬሲ ሙሾ አወጣለት። በ1909 ሌሎች አርቲስቶች አሳትመው ሸጡት፤ አገር ሙሉ ዘፈነው። ሳንደርስ ከዚያ ገቢ አልተካፈለም።

እኔን የያዘኝ ግን ዘፈኑ አይደለም፤ ከአደጋው በኋላ የወጣው የኩባንያው ሪፖርት ነው። ኩባንያው በዚያው ዓመት በጁላይ ወር መደምደሚያውን ሲያወጣ ጥፋቱን በሙሉ በሟቹ ላይ አደረገው። ለማስጠንቀቂያ የተላከውን የባንዲራ ሠራተኛ ምልክት ችላ ብሏል ተባለ። ሲም ዌብ በ1957 እስከሞተበት ጊዜ ድረስ የባንዲራም ሆነ የርችት ማስጠንቀቂያ አላየንም፣ አልሰማንም እያለ ኖረ። ኬሲ ፍጹም ሰው አልነበረም፤ ከዚያ በፊት ደንብ በመጣስ ዘጠኝ ጊዜ ከሥራ ታግዷል። እንበልና ምልክቱን ሳያይ አልፏል። እሺ። ግን ፈጣን ባቡር በሚያልፍበት ሰዓት ከጎን ሃዲዱ የሚረዝሙ ሁለት ባቡሮችን እዚያ ያስገባው ማን ነው? ተራውን የጨረሰ ሰው ሌላ ሌሊት እንዲነዳ የፈቀደው ማን ነው? 95 ደቂቃ የዘገየን ባቡር በሰዓቱ አድርስ የሚለው መርሐ ግብር የማን ነው? የሞተ ሰው መልስ አይሰጥም። «የሞተ ተጎዳ» የምንለው ለዚህ ነው።

ሚስቱ ጄኒ ምን አገኘች? 3,000 ዶላር። ገንዘቡ ከኩባንያው የመጣ እንዳይመስላችሁ። ኬሲ የሁለት የሠራተኛ ወንድማማች ማኅበራት አባል ስለነበር እያንዳንዳቸው 1,500 ዶላር ከፈሉላት። ሌላ ካሣም ሆነ ጡረታ አልነበረም። በእኛ ቋንቋ እናስቀምጠው ከተባለ፣ ለኬሲ ጆንስ ልጆች የደረሰላቸው እድር ነው።

ይህን ያልኩት ለማሳመር አይደለም። የባቡር ሠራተኞቹ ማኅበራት አጀማመር ከእድር ጋር ቁርጥ ነው። በ1873 ኒው ዮርክ ውስጥ ፖርት ጀርቪስ በምትባል ከተማ አንድ እሳት አንዳጅ ቦይለር ፈንድቶ ሞተ። ባልደረቦቹ ለቤተሰቡ ኮፍያ አዙረው ገንዘብ ሰበሰቡ። ከዚያ አሥራ አንድ ሆነው «ነገ እኛም ነን» ብለው ቋሚ ማኅበር መሠረቱ። በ1883 ደግሞ ኦኒኦንታ ላይ ስምንት ሰዎች አንድ የሠራተኛ ፉርጎ ውስጥ ተሰብስበው የብሬክማኖችን ማኅበር አቋቋሙ። ብሬክማን ማለት በሚሄድ ባቡር ጣሪያ ላይ እየሮጠ የእጅ ፍሬን የሚያጠብቅና ፉርጎዎችን እርስ በርስ የሚያያይዝ ወጣት ሠራተኛ ነው። ሥራው ከአደገኝነቱ የተነሳ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች አንቀበልም ይሏቸው ነበር። ስለዚህ እርስ በርሳቸው ተዋሱ።

ማያያዝ ሲባል እንዲህ ነበር። ሁለት ፉርጎዎች ወደ እርስ በርስ ሲንከባለሉ ልጁ መሃላቸው ይቆማል። የብረቱን ቀለበት በእጁ ይዞ ቀዳዳው ውስጥ ያስገባል፣ ፒኑን ይጥላል፣ ፉርጎዎቹ ሳይጋጩ እጁን ያወጣል። ካላወጣ ጣቱ ይቆረጣል፤ እግሩ ካዳለጠው ይሞታል። አዲስ ሥራ ፈላጊ ሲመጣ ልምድ እንዳለው የሚታወቀው ጣቶቹ ጎድለው ከተገኙ ነው ይባል ነበር። ኬሲ ነጂ ስለነበር ስሙ ቀረ። የእነዚህን ልጆች ስም ማንም አልዘፈነውም።

ልብ ማለት ያለብን ሌላም ነገር አለ። እነዚያ ማኅበራት የሚቀበሉት ነጭ ብቻ ነበር። ያንኑ አደገኛ ሥራ ለዚያውም ባነሰ ደመወዝ ይሠሩ የነበሩ እንደ ሲም ዌብ ያሉ ጥቁር ሠራተኞች በሩ ተዘግቶባቸው ነበር። ከዚያ ቤት የምንወስደው ትምህርት አለ፤ የማንወስደው ነውርም አለ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ማኅበራቱ ቀብረው ዝም አላሉም። «ለምን ይሞታል?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ግን ሦስት የተቆለፉ በሮች ነበሩበት።

የመጀመሪያው በር በ1842 ማሳቹሴትስ ውስጥ ተቆለፈ። ፋርዌል የሚባል የባቡር ነጂ ሃዲድ ቀያሪው መስመሩን በተሳሳተ ቦታ ስለተወው ባቡሩ ተገልብጦ እጁን አጣ። ኩባንያውን ከሰሰ። ዳኛ ሌሙኤል ሾው «ያጠፋው ባልንጀራህ ነው እንጂ አሠሪህ አይደለም» ብለው መለሱት። ሁለተኛው በር «አደጋው እንዳለ እያወቅህ ገባህ፤ ደመወዝህም ይህንኑ ታሳቢ ያደረገ ነው» የሚል ነው። ሦስተኛው «አንተም ትንሽ አጥፍተሃል» ይላል፤ ያቺ ትንሽ ጥፋት ካሣውን በሙሉ ታስቀር ነበር። ጥፋተኛው ጓደኛው፣ ወይም ምርጫው፣ ወይም ራሱ ሟቹ ነው። ኩባንያው የለበትም።

እነዚህን በሮች ለመክፈት ጊዜ ወሰደ። ሎሬንዞ ኮፊን የሚባሉ የአዮዋ ገበሬ በ1874 ባቡር ላይ ሆነው አንድ ብሬክማን የቀሩትን ሁለት የቀኝ እጅ ጣቶቹን ሲያጣ አዩ። ሌሎቹን ቀደም ብሎ አጥቷቸው ነበር። እኚህ ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሃያ ዓመት ገደማ ከስብሰባ ስብሰባ እየዞሩ ወተወቱ። መፍትሔው ደግሞ ጠፍቶ አይደለም፤ ተሠርቶ ቁጭ ብሎ ነበር። አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ውስጥ የጨርቃ ጨርቅ መደብር ሠራተኛ የነበረ ኢላይ ጃኒ የሚባል ሰው በ1873 ሁለት እጆች ተጠማዝዘው እንደሚያያዙ በራሱ የሚቆልፍ ማያያዣ ፈልስፎ የባለቤትነት መብት አስመዝግቧል። ይህቺ አሌክሳንድሪያ ዛሬ ብዙዎቻችን የምንኖርባት፣ እንጀራ የምንገዛባት ከተማ ናት። ማንም መሃል ሳይገባ ፉርጎ ማያያዝ ተችሏል። ኩባንያዎቹ ግን ገንዘብ ማውጣት አልፈለጉም። ፈጠራው ከወጣ በኋላ ሕጉ እስኪመጣ 20 ዓመት አለፈ፤ በዚያ መካከል ስንት ልጅ እጁን እንዳጣ፣ ስንቱ እንደሞተ አስቡት።

ፕሬዚዳንት ቤንጃሚን ሃሪሰን በ1889 ለኮንግረስ ባቀረቡት መልእክት የባቡር ሠራተኛው ሕይወት በጦር ሜዳ ካለ ወታደር ባልተናነሰ አደጋ ላይ መሆኑ ለሥልጣኔያችን ነውር ነው የሚል ሐሳብ አሰሙ። ማርች 2 ቀን 1893 የአየር ፍሬንና አውቶማቲክ ማያያዣ ግዴታ የሚያደርገውን ሕግ ፈረሙ። ከዚያ ወዲያ ፉርጎ ሲያያይዝ የሚሞተው ሰው ቁጥር በእጅጉ ቀነሰ። የሰዎቹ ቀን የደረሰ መስሎን ከነበረ፣ ብረቱ ሲቀየር ቀኑም ተራዘመ ማለት ነው።

የካሣው ጉዳይ ግን ገና ነበር። በ1906 ኮንግረስ የባቡር ኩባንያዎችን ተጠያቂ የሚያደርግ ሕግ አወጣ። ከዚያ በኋላ ዊል ሃዋርድ የሚባል እሳት አንዳጅ ሥራ ላይ ሞተ። አሠሪው ማን መሰላችሁ? ያው የኬሲ ጆንስ ኩባንያ፣ ኢሊኖይ ሴንትራል። የሃዋርድ ውርስ አጣሪ ዳምዜል ሃዋርድ ዝም አላለችም፤ ከሰሰች። ጉዳዩ ከሌላ የሞተ እሳት አንዳጅ መዝገብ ጋር ተጣምሮ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደረሰ። በጃንዋሪ 1908 ዳኞቹ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ሕጉን ሻሩት፤ የፌዴራል መንግሥት ሥልጣን ከማይደርስበት ገብቷል አሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተስፋ ይቆርጣል። ኮንግረስ ግን አራት ወር ሳይሞላ፣ ኤፕሪል 22 ቀን፣ ቀዳዳውን ደፍኖ ሌላ ሕግ አወጣ። በ1912 ፍርድ ቤቱ ይህኛውን አጸናው። በአዲሱ ሕግ የባልንጀራ ጥፋት የኩባንያው ጥፋት ሆነ፤ የሠራተኛው ትንሽ ጥፋት ካሣውን ይቀንሳል እንጂ አያስቀርም። «እያወቅህ ገባህ» የሚለው በር ሙሉ በሙሉ የተሰበረው ደግሞ በ1939 ነው። ሕጉ ዛሬም ይሠራል።

ይህ ሁሉ ሲሆን አሜሪካ ቀዳሚ አልነበረችም። ጀርመን በ1884 የሥራ አደጋ ኢንሹራንስ በሕግ ደንግጋለች። አሜሪካ ውስጥ በ1907 ብቻ ከ4,500 በላይ የባቡር ሠራተኞች ሞተዋል፤ በቀን 12 ሰው ማለት ነው። ባለጸጋ አገርም ቢሆን ሳይጠየቅ አይሰጥም።

ወደ እኛ ስመጣ፣ በዚያው ዘመን እኛም ባቡር እየሠራን ነበር። ከጅቡቲ በ1897 የተጀመረው ሃዲድ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ስለዚያ ባቡር ስናወራ ምኒልክን እናነሳለን፣ ኢልግን እናነሳለን፣ የፈረንሳዮችንና የእንግሊዞችን ሽኩቻ እንተርካለን። በዚያ በረሃ ሃዲድ ያነጠፉትን ሶማሌዎች፣ አፋሮች፣ አረቦችና ከደጋ የወረዱ ሠራተኞች ግን በስም አንጠራቸውም። እነሱም ቀናቸው ደርሶ ነው በሚለው ውስጥ ገብተዋል።

እድርም የዚያው ዘመን ልጅ ነው። ብዙ አጥኚዎች እንደሚሉት እድር የተስፋፋው በሃያኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አሥርት ዓመታት፣ ከገጠር ወደ አዲስ አበባ የፈለሱ ሰዎች፣ በተለይ ጉራጌዎች፣ በሰው አገር ቀባሪ እንዳያጡ ብለው ባቋቋሙት መረዳጃ ነው። ፖርት ጀርቪስ ላይ ኮፍያ ያዞሩት ሰዎችና አዲስ አበባ ላይ እድር የጻፉት ሰዎች አንድ ቦታ ላይ ቆመው ነበር። ልዩነቱ የመጣው ከቀብር በኋላ ነው። እነዚያ ወደ ኮንግረስ ሄዱ፤ የኛ ድንኳኑን አጥፎ ወደ መጋዘን መለሰ።

ዛሬ እድራችን ዋሽንግተን፣ ለንደን፣ ዱባይ ድረስ ተሰዷል። የምንሞትበት ሥራም ተለውጧል፤ ጠባዩ ግን ያው ነው። በአፕ ታክሲ የሚነዳው ወንድማችን ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ ቢጋጭ «ተቀጣሪ አይደለህም፣ የራስህ አለቃ ነህ» የሚል ውል ፈርሟል። ያ ውል ከዳኛ ሾው ሁለተኛ በር በምን ይለያል? ባሕረ ሰላጤው አገሮች ውስጥ ደግሞ የወጣት ስደተኛ ሠራተኞች ሞት «ተፈጥሯዊ ምክንያት» ወይም «ልቡ ቆመ» ተብሎ ያለ ምርመራ እንደሚመዘገብ የሰብዓዊ መብት ድርጅቶች ደጋግመው ዘግበዋል። የሃያ አምስት ዓመት ልጅ ልብ እንዲሁ ይቆማል?

እኔ በምኖርበት አካባቢ በሥራ ቦታ ለሞተ ሰው ገንዘብ ስናዋጣ ተገኝቼ አውቃለሁ። በአንድ ቀን የሚሰበሰበው ያስደንቃል። አንድ ሰው ተነስቶ «አሠሪው ኢንሹራንስ የለውም ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ ግን ዝም ጸጥ አለ። አንድ ትልቅ ሰው «ልጄ፣ አሁን የዚህ ጊዜ ነው?» አሉት። ምክንያታቸው ይገባኛል። ሐዘን ላይ ስለ ገንዘብ ማውራት ያስነውራል። አስከሬኑ ቶሎ እንዲሄድ እናት አገር ቤት እያለቀሰች ነው። አንዳንዱ ወረቀት ስለሌለው መንግሥት ዘንድ መቅረብ ይፈራል። ሞት የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ብሎ ማመንም የኛ ነው፤ እኔም አምናለሁ። ነገር ግን የፈነዳ የፍሬን ቱቦ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ብዬ አላምንም። መጠየቅ ሐዘንን ማርከስ አይደለም፤ የሟቹን ልጆች ማሳደግ ነው።

አሜሪካ ውስጥ አንድ ሠራተኛ ሥራ ላይ ሲሞት አሠሪው በ8 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ለፌዴራሉ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት፣ ለኦሻ፣ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ተቀጣሪ ከሆነ የየስቴቱ የሠራተኛ ካሣ ሥርዓት ማን አጠፋ ሳይል ለጥገኞቹ ይከፍላል። በብዙ ስቴቶች ጥገኞቹ ውጭ አገር ቢኖሩም መብት አላቸው። ነገር ግን የጊዜ ገደብ አለው፤ እኛ አርባውን ስናወጣ፣ ሙት ዓመቱን ስናስብ ጊዜው ይሄዳል። የአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ ሕግም ቢሆን አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ለሥራ አደጋ ተጠያቂ ነው ይላል። ሕጉ አለ፤ የጎደለው ጠያቂ ነው።

ስለዚህ ለየእድሩና ለየማኅበሩ የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ከገንዘብ ያዡና ከጸሐፊው ጎን አንድ ሌላ ሰው እንምረጥ፤ «ጠያቂ» እንበለው። ሥራው ሥራ ላይ ለሞተ ወይም ለተጎዳ አባል አራት ነገር መሰብሰብ ይሁን። የሥራ ውሉን፣ የመጨረሻዎቹን የደመወዝ ወረቀቶች፣ የሞት ማስረጃውንና እዚያ የነበሩትን ሰዎች ስም። ከመካከላችን ሕግ የተማሩ አሉ፣ ነርሶችና ሐኪሞች አሉ፣ አረብኛ አቀላጥፈው የሚናገሩ አሉ፣ የኢንሹራንስ ወረቀት ማንበብ ሥራቸው የሆነ አሉ። እዚህ የሚያነብ ተማሪ እንኳ አንድ ቅጽ ሞልቶ መላክ አያቅተውም። የተጠየቀው ሁሉ መልስ ያገኛል አልልም። ዳምዜል ሃዋርድም ያ ፍርድ አልቀናትም። የሷ ሽንፈት ግን አራት ወር ሳይሞላ ሌላ ሕግ አስወጣ፤ የሌሎች ሴቶች ልጆች በዚያ ሕግ አደጉ።

ሙሾ እናውቃለን፤ ማልቀስ ማንም አያስተምረንም። የዋላስ ሳንደርስ ዘፈን ኬሲ ጆንስን ዘላለማዊ አደረገው፤ ከሱ በኋላ የመጣ አንድም ብሬክማን ግን አላዳነም። ያዳናቸው የኢላይ ጃኒ ብረትና የሎሬንዞ ኮፊን ጭቅጭቅ ነው። እድራችን የመጀመሪያውን ከበቂ በላይ ያውቅበታል። ሁለተኛውን ደግሞ አሁን ይልመድ።